በዐይኑ የተጻፈችው ዓለሚቱ

መንፈስ፣ ጥላ ወጊ፣ ቡዳ የሚባል ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እናቴ ራሷ «አንተን ደግሞ ምን ያሳምንሃል?» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ አምኜበት ሳይሆን ሌላ መልስ አጥቼለት ነው፣ ወላሂ።

ጎንደር ውስጥ፣ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የታካሚዎችን መዝገብ ከአሮጌ ፕሮግራም ወደ አዲስ እንዳዛውር ተቀጥሬ ነበር። አሮጌውን የጻፈው ሰው የት እንደገባ አይታወቅም፣ አዲሱ ደግሞ ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ይጻፍ ተባለ፣ ጃቫን እኔ ራሴ ገና ከተዋስኩት መጽሐፍ ላይ እየተማርኩ! መጽሐፉ ሁሉም ነገር «ኦብጀክት» ነው ይላል፤ እያንዳንዱ ታካሚ ራሱን የቻለ ኦብጀክት ሆኖ የራሱን መረጃ ራሱ ይይዛል፣ ሁለት ኦብጀክቶች ይዘታቸው አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ አንድ አይደሉም። ይህችን የመጨረሻዋን አሥር ጊዜ አንብቤ አሥር ጊዜ ተናደድኩ። አንድ ዓይነት ከሆኑ እንዴት ነው አንድ የማይሆኑት?

ሌላው ያቃጠለኝ ፊደል ነው። እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ የቀራሁት ቁርአን እንጂ ቄስ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ለእኔ አ ያው አ ነው። መዝገቡ ላይ ግን አንዱ ስም በአልፋው አ፣ ሌላው በዐይኑ ዐ ተጽፏል። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ የሚቀይር፣ ከዚያ ስማቸው ከነአባታቸው የገጠመ ሰዎችን የሚያዋህድ ኮድ ጻፍኩ፣ ኮራሁበትም።

አንዲት ስም ብቻ እምቢ አለችኝ። «አለሚቱ ካሳ» ከሚለው ሥር «ዓለሚቱ ካሳ» የሚል ብቅ ይላል። ልብ በል፣ ኮዴ ዓን ሁሉ ወደ አ የሚቀይር ነው፣ ዓ ብላ ልትጽፍ የምትችል አንዲት መስመር የለችውም። አጠፋሁት፣ ተመለሰ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ተመለሰ። ጠረጴዛውን ጡጫ አቀመስኩት፣ እጄን አመመኝ እንጂ ምንም አልፈየደልኝም።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ወጥቶ ብቻዬን ስቀር ከተቆለፈው ካርድ ክፍል ጫር ጫር የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ብዕር ወረቀት ላይ ሲሄድ ዓይነት። አይጥ ነው አልኩ፣ አይጥ ግን እያረፈ፣ ቀለም እንደሚያጠቅስ ሰው ጊዜ እየሰጠ አይጭርም፣ እመነኝ። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ጥሩወርቅ ሲመለሱ በሩን አስከፈትኳቸው። ማንም የለም። አንድ ካርድ ብቻ ከመደርደሪያው ጣት ያህል ወጣ ብሏል፣ የዓለሚቱ ካሳ ካርድ!

«ይኸ የመሪጌታ እጅ ነው» አሉ። መሪጌታ የቀድሞው ካርድ ጸሐፊ ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ሳይመጣ ያረፉ።

«ሌላኛዋንስ በአልፋው የጻፋት ማነው?»

«እሳቸው ናቸዋ።»

«ተሳስተው ይሆናል።»

«ምነው አንተ! መሪጌታ ፊደል ይስታሉ? ዓለም በዐይኑ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል።»

«እንግዲህ እኔ አላውቀውም!» ብዬ ሄጄ ያቺን እምቢተኛ መዝገብ በገዛ እጄ ከአልፋዋ ጋር አዋሃድኳት።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን «አዲሱን ፕሮግራም ካልሞከርነው» ብሎ ነርሷን ከነታካሚዋ ወደ እኔ ላካት። ታካሚዋ ከአይከል በኩል የመጡ እናት ናቸው፣ ጉሮሯቸው አብጦ የፔኒሲሊን መርፌ ታዞላቸዋል። ስማቸው? ዓለሚቱ ካሳ። ድንግጥ አልኩ፣ በየትኛው ፊደል እንደሆነ በጆሮ አይለይ! ስክሪኑ አንዲት አለሚቱ ብቻ አወጣ፦ «የማይስማማት መድኃኒት የለም»።

«በሉ እናቴ፣ ይነሱ» አለች ነርሷ።

ይኼኔ ስክሪኑ ብልጭ አለና፣ እጄ ኪቦርዱ ላይ አልነበረም፣ ነርሷ ምስክሬ ናት፣ ከሥር ሁለተኛ መስመር ጨመረ፦ «ዓለሚቱ ካሳ፤ ፔኒሲሊን ፈጽሞ እንዳትወጋ»።

«የትኛዋ ናቸው?» አለች ነርሷ መርፌውን እንደያዘች።

«እኔ እንጃ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ያስጮህሃል?» አሉ እናትየዋ። «ያን ጊዜ መርፌ ሊገድለኝ ሲል እኒያ ሸጋ ሰው፣ መሪጌታ፣ ነግረውኛል። ሞክሼ አለችሽ፣ አባቷም ካሳ ነው፣ እንዳትምታቱ አንቺን በዐይኑ፣ እሷን በአልፋው ጽፌያችኋለሁ አሉኝ። እኔ ፊደልም የመርፌውንም ስም አላውቅ፣ ቃላቸውን ግን ይዣለሁ።»

ነርሷ መርፌውን አስቀመጠች። ያ ሁሉ ንዴቴ ባንዴ ፍርሃት ሆነ፣ ሰው ልገድል ነበር እኮ፣ ያውም ጎበዝ ነኝ ብዬ።

ኮዱን ኮምፒውተር ለሚያስተምር ጓደኛዬ አሳየሁት፣ መስመር በመስመር አይቶ «ይኼ ሊሆን አይችልም» አለኝ፣ እኔስ ምን አልኩ? የሚያዋህደውን ኮድ ቆርጬ ጣልኩ፣ መዝገቡንም ከአሮጌው እንደ አዲስ ገለበጥኩ። አሮጌው መዝገብ የተሰጠኝ በፍሎፒ ዲስክ ተከፋፍሎ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ፍሎፒዎች ግን መመለስ አልቻልኩም፣ ውስጣቸው የነበሩትን ስሞች ካዋሃድኩ በኋላ ፍሎፒዎቹን ለሌላ ሥራ ብዬ አጥፍቻቸዋለሁ፣ የእነዚያን ሰዎች የወረቀት ካርድም የሚያፈስ ጣሪያ አበስብሶታል። እዚያ ውስጥ መሪጌታ ማንን ከማን፣ በየትኛው ፊደል ለይተው እንደነበር የሚያውቅ የለም። የእነዚያን የተዋሃዱ ስሞች ዝርዝር ዛሬም ጠዋት ጠዋት እየከፈትኩ አየዋለሁ፣ እንደ ዓለሚቱ ሁለት ሁለት ይሆናሉ ብዬ። እስካሁን አንድም ሰው አልተለየም።