የፖስተኛው የመጨረሻ ጎማ

ፖስተኛው የሞተው በገዛ ግቢው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የሞተር ሳይክሉን የኋላ ጎማ ፈትቶ የውስጡን ላስቲክ ሊቀይር በተቀመጠበት ነው። መርማሪዋ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስትደርስ አስከሬኑ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ዕቃ ቤቱ መስኮትም መብራትም የለውም፤ ሞተሩ ከገባበት ወዲህ ሁለት ሰው አያላውስም። የብረት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያም ሆኖ የፈሰሰው ቤንዚን ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶታል። ሟቹ አስም ነበረበት። ጎማ ማጽጃው ቤንዚን ተደፋበትና ትንፋሽ አጠረው። የሚነፋው መድኃኒት ደግሞ ሳሎን በተሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል።

«በሽታው ነው የገደለው» አላት።

«ሳሎኑ ከዚህ ስንት እርምጃ ነው?»

«አስር ቢሆን ነው።»

«ታዲያ በሩ ክፍት ከነበረ ለምን አልሄደም?»

መርማሪዋ ተንበርክካ ሟቹን በቅርብ አየችው። ጢሙ ላይ ነጭ ዱቄት ተነስንሷል፤ ከንፈሩ ላይ ደግሞ ጥቁር ክብ ምልክት አለ። አዲሱ ላስቲክ ጭኑ ላይ ተኝቷል፤ አንዲት ትንፋሽ አየር እንኳ አልቀረችበትም። ከመንፊያ አፉ ውስጥ የምትገባው ትንሽ ሽቦ ተፈትታ መዳፉ ውስጥ ነበረች። እግሩ ሥር የወደቀችው የእጅ ባትሪ አሁንም ጭል ጭል ትላለች። ከሁለቱ የጎማ ማውጫ ብረቶች የአንዱ ጫፍ ተጣሟል። ከጎኑ ውሃ የያዘ ሳህንና ከነወረቀቱ ያልተፈታ ሳሙና ተቀምጠዋል።

ከዚያ የተከፈተውን በር ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ የውስጥ ገጹን ተመለከተች። ማጠፊያዎቹ አጠገብ ቀለሙ ተፋፍቆ ብረቱ ያብረቀርቃል። በውጭ በኩል ያለውን መቀርቀሪያ ስትሞክረው ዝጎ አልንቀሳቀስ አላት። በሩን በትከሻዋ ገፋ ስታደርገው ግን ተንሸራተተ።

«የግቢው በር ይዘጋ፤ ማንም አይውጣ» አለች።

በግቢው የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያነጋገረችው ከዕቃ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራውን ተከራይ ልብስ ሰፊ ነው። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ የእግር መኪናዋ ላይ ነበረች። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ብረት ሲመታ ሰምታለች፤ ዘጠኝ ሊሆን ሲል ጸጥ አለ። ፖስተኛው ጎማ ሲቀይር ሁልጊዜ ስለሚደበድብ እንዳልገረማት ተናገረች። ይህን ብላ እንደጨረሰች ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ የያዘችውን ጨርቅ ደጋግማ ማጠፍ ጀመረች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከዚህ ቤት ከተጠጋ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የወንድሙን ጫማ የሚጠርገው፣ ሞተሩን የሚያጥበው፣ የሚላላከው እሱ ነው። ሲናገር አይቸኩልም፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አያነሳም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያ ሳልፍ በሩ ክፍት ነበር» አለ። «ሳሙናውን በውሃ እያራሰ ጎማውን ይቀባል። በርታ ብዬው አለፍኩ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ያለ ሳሙና ጎማ አስገብቶ አያውቅም።»

የሟቹ ሚስት መጨረሻ ላይ ቀረበች። ዘመድ ጥየቃ ወጥታ አስር ሰዓት ላይ ስትመለስ ሞቶ እንዳገኘችው ነገረቻት። መርማሪዋ ስትሰማት የቀሚሷን ግራ ትከሻ ታይ ነበር፤ የዝገት እድፍ አለበት። ቀጥሎ ቤቱን ማየት ፈለገች። ከጓዳው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል በር ላይ፣ በውጭ በኩል፣ አዲስ የቁልፍ ማንጠልጠያ ተመትቷል። ውስጥ አልጋው ተነጥፏል፤ ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው።

«ይህ የማን ክፍል ነው?»

«የልጄ» አለች ሚስትየው። «አክስቷ ጋ ሄዳለች።»

መርማሪዋ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ክፍሉ ይሞቃል፤ ሆኖም ተነስቶ መስኮት የከፈተ የለም።

«ጎማ የሚቀይር ሰው አዲሱን ላስቲክ ከማስገባቱ በፊት ቅርጽ እንዲይዝ ትንሽ አየር ይሞላበታል» ብላ ጀመረች። «ፖስተኛውም ሞልቶ ነበር። ያ አየር የት ሄደ? ላስቲኩ ሲመረት የሚነሰነስበት ዱቄት ጢሙ ላይ አለ። የመንፊያው አፍ ከንፈሩ ላይ ታትሟል። አየሩን የምታግደውን ሽቦ ፈትቶ ከላስቲኩ አየር ሲምግ ነበር ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ ባትሪ አብርቷል። በጎማ ማውጫው ማጠፊያውን ሊነቅል ታግሏል። በሩ በውጭ በኩል ተቀርቅሮበት ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ከደነች። «ይደበድብ የነበረው…» ብላ ሳትጨርስ ተወችው።

«አዎ፣ በሩን ነው» አለች መርማሪዋ፤ ወደ ሚስትየው ዞረች። «መቀርቀሪያው በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። የዘጉት እርስዎ ነዎት።»

ሚስትየው አልካደችም። ልጅቷ ሌላ ከተማ የነርስ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር፤ አባቷ ግን ከቤት አትወጪም ብሎ ሦስት ሳምንት ቆልፎባታል። አውቶቡሱ የሚነሳው ስምንት ተኩል ነው። እሱ ላስቲኩን ሊቀይር ዕቃ ቤት ሲገባ እናትየው በሩን ቀረቀረችበት፤ ከኪሱ ቀድማ በወሰደችው ቁልፍ ልጇን አስወጣችና ሸኘቻት።

«ለእሱ ነግሬው ነው የሄድኩት» አለች ወደ ወንድምየው እያየች። «ስምንት ተኩል ሲሆን ክፈትለት አልኩት። ከፈትኩለት ብሎኛል። ደህና ነበር፣ ሥራውን ቀጠለ ብሎኛል።»

«ለእኔም ያንኑ ነግረውኛል» አለች መርማሪዋ ለወንድምየው። «ግን ስምንት ተኩል ላይ ከተከፈተለት እስከ ዘጠኝ ድረስ በሩን የሚደበድበው ማን ነው? ሳሙና ሲቀባ አየሁት ያሉትም ልማዱን ስለሚያውቁ ነው። የዛሬው ሳሙና ከወረቀቱ አልወጣም። እርስዎ በሩን የከፈቱት ከሞተ በኋላ ነው።»

ሰውየው መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየው ሚስትየውን ነው።

«እትዬ፣ በሰዓቱ ሄጄ ነበር» አላት። «እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበረ። ትንሽ ይቅመሳት ብዬ ነው የቆየሁት። ከዚያ በስሜ ጠራኝ። በአስራ አንድ ዓመት አንተ፣ አንተ ይለኝ ነበር እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እንዲደግመው ፈለግሁ።»

«ደገመው?» አለች መርማሪዋ።

«ሁለቴ። ሦስተኛውን ጀምሮ አልጨረሰውም።»

ሚስትየው ወንበሩን ጨብጣ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። በእሷ እጅ የሞተ ባይመስላትም ዘግታበት መሄዷ ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሲያብሰለስላት ነበር። አሁን ግን መዝጋቷ ይሁን መክፈቱን ለወንድምየው መተዋ፣ የቱ እንደሚብስ መለየት አቃታት። ፖሊሱ ወንድምየውን ይዞ ወጣ። መርማሪዋ ደግሞ ሚስትየውም ጣቢያ ሄዳ ቃሏን መስጠት እንዳለባት፣ ምናልባትም ዛሬ እንደማትመለስ በለሆሳስ ነገረቻት።

በዚህ መሃል የሚስትየው ስልክ ጠራ። ልጇ ናት። ሴትዮዋ መርማሪዋን አየቻት፤ መርማሪዋም ራሷን ዝቅ ከፍ አድርጋ ፈቀደችላት።

«ደረስሽ?» አለች ሴትዮዋ። «መኝታ ሰጡሽ? … ጎሽ። ብቻሽን ነሽ ወይስ ሌሎች ልጆችም አሉ?» የልጅቷን መልስ አዳመጠች። «አባትሽ? … ዛሬ ተኚ፤ ነገ እኔው ራሴ መጥቼም ይሁን ሰው ልኬ እነግርሻለሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፈሽ ተኚ፣ እሺ የእኔ እናት።»

ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ነጠላዋን ለበሰችና ማንም ሳይነግራት ከመርማሪዋ ቀድማ ወደ መኪናው ሄደች።