ያሸግኩት እኔ ነበርኩ

ሚኔዎን መጀመሪያ ያየሁት ተንበርክኮ ነው። ከደረጃችን ሥር፣ አባቴ የማይሸጡ አሻንጉሊቶችን በሚጥልበት ሳጥን ውስጥ ክንዱ እስከ ብብቱ ገብቶ ነበር።

«ሌባ ነህ እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ አይደለሁም፣ እህቴ። ባቡር ጣቢያው ጋ ትኬት ሻጭ ነኝ። አባትሽ ፈቅደውልኝ ነው።»

ሰፈራችን ካትሱሺካ ውስጥ እንደኛ ያለ ቤት ብዙ ነበር፤ ታች ፋብሪካ፣ ላይ መኝታ። አባቴ ፈሳሽ ፕላስቲክ በመዳብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈስና፣ ሲበስል ትኩሱን በጉጠት ጎትቶ ያወጣዋል። እኔ እያንዳንዱን አሻንጉሊት ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ አፉን ባለ ሥዕል ካርቶን አልብሼ በስቴፕለር እመታለሁ። ቅርጹ ልክ መሆኑን ለማየት ከተራረፈ ቀለም የሚወጡት የሙከራ አሻንጉሊቶች ግን ወደ ሳጥኑ ነው የሚወረወሩት።

ሚኔዎ የሚሰበስበው እነሱን ነበር። በልጅነቱ ሲኒማ ቤት ያየውን ባለ ሦስት ቀንድ የባሕር አውሬ፣ ገበያ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የወጣውን፣ እኛ ሳጥን ውስጥ ቀይ ሆኖ አገኘው። በሁለት እጁ ይዞ እያገላበጠ አየው። አውሬን እንዲህ የሚያይ ሰው፣ ሰውን እንዴት ያይ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረ። አባቴ «ይሄ ልጅ የሚፈልገው ቆሻሻዬን ነው ወይስ ልጄን?» እያለ ይስቃል።

የቼሪው ዛፍ አበባ ሲረግፍ፣ ወንዙ ዳር እየሄድን፣ እንዳገባው ጠየቀኝ። ደንግጬ «ላስብበት» አልኩ። ያሰብኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። «እሺ። መቼ?» ብዬ ጽፌ፣ ወረቀቱን አዲስ ከወጣ ቢጫ አውሬ ጀርባ ደበቅኩና ከረጢቱን አሽጌ በጣቢያው መስኮት ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ።

ከዚያ ወዲያ አንድም እሁድ አልመጣም።

ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ ሙቀቱም። እኔም ኩራት ይዞኝ አልጠየቅሁትም። አክስቴ «ሰውዬሽ አሻንጉሊቱን ለቅሞ ጨረሰ፣ በቃ» አለችና ቺባ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም አጨችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምንተያይበት ቀን ተቆረጠ። በኅዳር አንድ ጠዋት የክት ልብሴን፣ ኪሞኖዬን ለብሼ ጣቢያ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው እሱ ነበር።

«ወደ ቺባ፣ አንድ።»

«ደርሶ መልስ?»

«እሱ ገና አልታወቀም።»

ቀና ብሎ ኪሞኖዬን አየ። ገባው።

«መልስ ሳትሰጪኝ ለሰጠሽኝ የስንብት ስጦታ አመሰግናለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መደርደሪያዬ ላይ ከሁሉም በላይ ነው ያለው።»

«የምን ስንብት? ውስጡን አላየኸውም?»

«እንዴት አድርጌ?»

«ከፍተህ ነዋ!»

«ይከፈታል እንዴ?» ዓይኑ ፈጠጠ። «እኛ ሰብሳቢዎች የታሸገ አንነካም እኮ! ከፋብሪካ እንደወጣ ነው!»

«ያሸግኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ጅል!»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዲት አሮጊት «በል ልጄ፣ ሂድና ክፈተው፤ እኛ እንጠብቃለን» አሉት። መስኮቱን ዘግቶ ሮጠ። ቤቱ ከጣቢያው ጀርባ ነው። የቺባው ባቡር መጣ፤ እኔ ሳልንቀሳቀስ ሄደ።

ሲመለስ ኮፍያው የለም። የስቴፕለሩ ሽቦ ወግቶት አውራ ጣቱ ይደማል።

«መቼ ላልሽው» አለ እያለከለከ፣ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ይሁን?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። ቤታችን አውሬ በአውሬ ሆነ። በየልደቴ አንድ የታሸገ ከረጢት ይሰጠኛል፤ እኔ እዚያው ፊቱ በመቀስ እሸረክተዋለሁ፤ እሱ ዓይኑን በእጁ ይሸፍናል። «አንቺ ሴትዮ፣ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብሽም» ይለኛል።

ባለፈው ጥር አረፈ። በሞተ በአምስተኛው ቀን መደርደሪያውን ስወለውል፣ ከቢጫው አውሬ ጀርባ ስሜ የተጻፈበት ከረጢት አገኘሁ። ውስጡ ያለው ቀዩ ነው፣ ያ የመጀመሪያው። ካርቶኑ አዲስ፣ ስቴፕለሩ ጠማማ የተመታ፤ የሱ እጅ ነው። መቀሱ አጠገቤ ነበር። አላነሳሁትም።

በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ የሟች ነፍስ በምትሸኝበት ዕለት፣ መነኩሴው ጸሎቱን አድርሶ ሲሄድ ከፈትኩት። ከቀዩ ጀርባ የድሮው ወረቀቴ ተጣጥፏል፤ «እሺ። መቼ?» ከሥሩ፣ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት፦

«ወዲያው ከፈትሽው፣ አይደል? አውቅሽ የለ።»

ሳቄ መጣ። ለሟች እንደምናደርገው ፎቶው ፊት ትኩስ ሩዝ አስቀመጥኩለትና ነገርኩት።

«ተሸነፍክ፣ ሚኔዎ። አርባ አራት ቀን ሙሉ ጠብቄያለሁ።»