የጀልባዋ ክብደት ያረፈበት

አናጢው ሞቶ የተገኘው በገዛ ግቢው፣ ስንት ዓመት ሲጠግናት በኖረው ባለ ሸራ ጀልባ ሥር ነው። ሚስቱ ቅዳሜ ጠዋት ለቁርስ ልትጠራው ብትወጣ፣ ጀልባዋ ከተጎታቹ ላይ በግራ ጎኗ ወድቃ ተጭናው አገኘችው። ብርጭቆ ወረቀቱን እንደጨበጠ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቶ፣ ጀልባዋና ተጎታቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል። አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት ናት፤ እየጠየቀችም ግቢውን ትዞራለች። ዛሬ ደግሞ ባሰባት። ነገሩ «አደጋ ነው» ተብሎ ያለልክ ቶሎ ያለቀ መሰላትና ከነከናት።

ተጎታቹን የሠራው የሟች ታናሽ ወንድም፣ በያጁ፣ ገና ሳይጠየቅ ጥፋቱን በራሱ ላይ ላከከ። ጀልባዋን ከጎን የሚደግፈው የተጎታቹ የግራ ክንድ ከብየዳው ላይ ተገንጥሏል።

«ወንድም ጋሼን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጻፉልኝና ልፈርም።»

«ቀስ በል። መጀመሪያ እንዴት እንዳስቀመጣችኋት ንገረኝ።»

የጫኗት ማክሰኞ ነው። ክብደቷ እንዲያርፍ የተደረገው ከፊት እስከ ኋላ በሚዘልቀው አከርካሪዋ ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ሦስት ወፋፍራም እንጨቶች ደርድረዋል። የጎን ክንዶቹ እንዳትጋደል ይደግፏታል እንጂ አይሸከሟትም።

ኢንስፔክተሯ ላስቲኩን ገልጣ አየች። እንጨቶቹ የሉም። ከአጥሩ ሥር፣ ከውዳቂ ጣውላ ጋር ተደርድረው አገኘቻቸው።

ሚስቲቱ ባሏ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር ነገረቻት። ዓምና ለሙከራ ውሃ ላይ አውጥተዋት ጀልባዋ አንድ ዓሣ አጥማጅ ገጭታ ሰውየው ሰጥሟል። መሪውን የያዙት ሸሪኩ፣ ጡረተኛው መምህር ነበሩ። ሁለቱም ነገሩን ደበቁት። አናጢው ግን ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሊናገር ቆርጦ፣ ለሸሪኩም ነግሯቸዋል።

መምህሩ እኩለ ቀን ላይ መጡ። ወር ሙሉ ግቢውን እንዳልረገጡ ተናግረው፣ በያጁን በሐዘኔታ አዩት።

«ልጁ ምን ያድርግ፣ ሥራውን አያውቀው። ከሥሯ አንድ እንጨት ሳያደርግ በጎን ክንድ ብቻ አንጠልጥሏታል።»

ኢንስፔክተሯ ግቢውን መዞሯን ሳታቆም መኪናቸው እንዲፈተሽ ብቻ አዘዘች።

አመሻሽ ላይ ሦስቱንም አናጢ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ሟች ጀልባዋን ሐሙስ ቀይ ቀለም ቀብቷታል። አከርካሪዋ ሥር ሦስት ቦታ ቀለም አልነካውም፤ ስፋታቸው ከእንጨቶቹ ጋር ልክ ነው። ስለዚህ ሐሙስ እንጨቶቹ ነበሩ።»

«ያልተቀባውን ሊቀባ ራሱ አውጥቷቸው ይሆናላ» አሉ መምህሩ።

«የቀለሙ ቆርቆሮ ተከድኗል፣ ብሩሹም ደርቋል። ደግሞ እንጨቶቹን ለማውጣት ጀልባዋን በክሪክ ማንሳት ያስፈልጋል። የሟች ክሪክ ተሰብሮ ብየዳ ቤት ነው ያለው። የእርስዎ ክሪክ አናት ላይ ግን ይኸው ቀይ ቀለም ተገኝቷል። ሌሊት እንጨቶቹን አውጥተው ጀልባዋን ቀስ አድርገው ክንዶቹ ላይ አወረዷት። እሱ ጠዋት ገብቶ ለሁለተኛ ዙር ቀለም ሲፈገፍጋት ክንዱ ተገነጠለ።»

መምህሩ ክሪክ ሁሉም ዘንድ አለ ሊሉ ጀመሩ።

«ከወር በፊት ይህ ተጎታች አልተሠራም ነበር» አለች። «ዛሬ ሲመጡም ተሸፍኖ ነበር። ከሥሯ እንጨት እንደሌለ ማን ነገረዎት?»

መምህሩ ወደ ሚስቲቱ፣ ከዚያ ወደ በሩ አዩ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ሰኞን እንዲተወው ለምኜው ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ከተወሰዱ በኋላ በያጁ ከመቀመጫው አልተነሳም።

«ብየዳዬ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ አይወድቅበትም ነበር» አለ።

ኢንስፔክተሯ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች፤ አጠገቡ።

«ክንዱን የሠራኸው ሊደግፍ ነው። አንተ ያላሸከምከውን ነው እሳቸው ያሸከሙት።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። የወንድሙ ሚስትም መጥታ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።