አምስት ወር የዘለቀው ብልቃጥ

«እኔን የሚያታልል ቅባት ገና አልተቀመመም» አለች ዳኛዋ፣ አፏን ሞልታ።

ይህን ያለችው ለስልኩ ነው። ስልኩ የውሃ ጆግ ተደግፎ ጠረጴዛው ላይ ቪዲዮ እየቀረጸ ቆሟል፤ ከጀርባው ታናሽ እህቷ አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ እንዳይወድቅ ትጠብቀዋለች። ዳኛዋ ፊት አንድ ፌስታል ሙሉ ባዶ ዕቃ ተዘርግፏል፦ የተጠመዘዘ ቱቦ፣ የተፋቀ ብልቃጥ፣ አንገቱን የተቆረጠ የሻምፖ ጠርሙስ።

ዳኛዋ የእናት የአባት ስሟ አይደለም፤ የምትሠራበት የውበት ሳሎን ያወጣላት ነው። ሥራዋ ፀጉር ማጠብ ነው። በቀን አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ጭንቅላት በእጇ ያልፋል። የምታርፈው ሰኞ ብቻ ነው። የወሩ የመጨረሻ ሰኞ ሲመጣ ያለቀባትን የፊትና የእጅ መዋቢያ ሁሉ ከአልጋ ሥር ታወጣና ትፈርዳለች፦ «እመለስበታለሁ» ወይም «አልመለስበትም»። ሦስተኛ ፍርድ የለም። ያላለቀ ዕቃም ችሎቷ ፊት አይቀርብም።

«ያለቀ ነገር አይዋሽም» ትላለች። «ሙሉ ሲሆንማ ሁሉም ቆንጆ ነው። ሰውም እንደዚያው።»

የዚያን ቀን መጀመሪያ ማስካራው ተከሰሰ።

«ሻጩ ውሃ አያስለቅቀውም ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው። ከዓይኔ ተነስቶ ጉንጬ ላይ ለመውረድ መች ውሃ ጠበቀ? አልመለስበትም።»

«የፀሐይ መከላከያውስ?» አለች ታናሿ።

«ፀሐይን ይከላከላል። ሰውንም ይከላከላል። ፊቴ እንደ ኖራ ግድግዳ ነጥቶ ማን ይጠጋኛል? አልመለስበትም።»

«የከንፈር ቀለሙ?»

«እሱ ጥሩ ነው። ግማሹን የበላሁት እኔ ነኝ። እመለስበታለሁ፣ ቁርስ ይሆነኛል።»

ታናሿ ስትስቅ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም። ከሁሉ በታች ሰማያዊ ክዳን ያላትን የእጅ ቅባት አወጣች፤ ድምጿም ዝግ አለ። እጆቿን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ሻምፖና የፀጉር ቀለም ያቃጠላቸው ናቸው፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ድኗል።

«ይቺ አንድ ብልቃጥ» አለች፣ «በቀን ሦስቴ እየተቀባኋት አምስት ወር ቆየችልኝ። ያለቀችው ባለፈው ሳምንት ነው። ዓይኔን ሳላሽ እመለስባታለሁ። እናንተም ግዙ፣ ሳሎናችን መደርደሪያ ላይ አለች።»

የሚያያት ሰው ብዙ አይደለም። ያዩዋት ግን ያምኗታል። ለውለታ ብላ አመስግና፣ ለቂም ብላ ነቅፋ አታውቅምና። ትምህርቷን ከመንገድ ያቋረጠች፣ ቤተሰብ ምንም ያላወረሳት ልጅ ናት፤ የኔ የምትለው ቃሏን ብቻ ነው።

ለስልኩ ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ቅባቷ ያለቀችበት ሰሞን ሌላም ነገር ጎድሎባት ነበር።

የሳሎኑን የሴቶችና የወንዶች ክፍል የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ማዶ ፀጉር ቆራጩ ይሠራል፤ ቃል ከአፉ በወረፋ የሚወጣ ወጣት። ሁለቱም ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት ከኋላ ባለችው ጠባብ ጓዳ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው። እናቱ ታማበት ሁለት ሳምንት ሲሄድ ዳኛዋ በቀን አሥር ጊዜ መጋረጃውን ታይ ነበር። «ምን ሆነሻል?» ሲሏት «እግሬን ደክሞኝ ነው» ትላለች። እግር ደከመ ተብሎ ዓይን መጋረጃ ላይ ሲተከል እስቲ ማን አይቷል?

ነገሩ ከሁለት ዓመት በፊት ይጀምራል። ያኔ አጭቷት የነበረ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር እህቱን በዝርዝር ወረቀት ላከ። የሰጣትን ሁሉ መልሺ ተባለች፤ ጫማውን፣ ቦርሳውን፣ ሽቶውን ሳይቀር። እህትየዋ የሽቶውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችና «ግማሽ ነው» ብላ ጻፈች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ዳኛዋ ከዚያ ወዲህ ከወንድ እጅ ክብሪት እንኳ አትቀበልም።

አንድ ጊዜ ዝናብ ሲጥል ፀጉር ቆራጩ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሰጥቷት ነበር። «ከማንም ምንም አልቀበልም» ብላ እየረጠበች ሄደች። እሱም ጃንጥላውን አጠፈና ከኋላዋ እየረጠበ ሄደ። እሷን ሦስት ቀን አስነጠሳት፤ እሱን አራት።

ቪዲዮው በወጣ በአራተኛው ሳምንት የሒሳብ አስተማሪዋ መጡ። የሳሎኑ የቆዩ ደንበኛ ናቸው። ጭንቅላታቸውን ከማሳጠባቸው በፊት ሰማያዊ ክዳን ያላትን ባዶ ብልቃጥ ከቦርሳቸው አውጥተው ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አምስት ወር ስንት ቀን ነው?»

«መቶ ሃምሳ» አለች ዳኛዋ።

«የእኔ በሃያ ቀን አለቀች። መቶ ሃምሳ ለሃያ ሲካፈል?»

ዳኛዋ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች። ማካፈል ድሮም አይሆንላትም።

«ሰባት ተኩል» አሉ አስተማሪዋ። «ያንቺ አንድ ብልቃጥ የእኔን ሰባት ተኩል ያህላል። ወይ እጅሽን አትቀቢም፣ ወይ አፍሽን ቀብተውታል።»

ከማድረቂያው ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። አንዷ «የእኔም ወር አልሞላትም» አለች። ሌላዋ «እኔማ እህቴንም አስገዝቻታለሁ» ብላ ፊቷን አዞረች።

የሳሎኑ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ሒሳብ ከሚቀበሉበት ተነስተው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ እንዴ ያስወራሁሽ? ሰው ሁሉ እንደዚያ እያለኝ ነው። ሰኞ እውነቱን ለዚያ ስልክሽ ተናገሪ። አለዚያ ስልክሽንም እጅሽንም ይዘሽ ሌላ ሳሎን ፈልጊ።»

«እትዬ፣ እኔ አልዋሸሁም።»

«እንግዲያው ማን ዋሸ? ብልቃጧ?»

ዳኛዋ የሽርጧን ኪስ ዳበሰች። ከቪዲዮው በኋላ የገዛቻት አዲሷ ብልቃጥ እዚያ ናት። ሳሎን ያለው ሁሉ ጣቱን ሊነክርባት ስላስቸገረ ጓዳ ማስቀመጧን ትታ ነበር። የእሷም ቢሆን ታቿ ከታየ ሰነባብቷል። አንገቷን ደፍታ የአስተማሪዋን ፀጉር አጠበች። ውሃው ስንጥቆቿን አቃጠላት።

በማግስቱ ሹሩባ የምትሠራው ልጅ መቀስ ጠፍቶባት «ከወንዶቹ ዘንድ አምጪልኝ» አለቻት። ፀጉር ቆራጩ ደጅ ወጥቶ የደንበኛ መሸፈኛ ጨርቅ እያራገፈ ነበር። ዳኛዋ የላይኛውን መሳቢያ ሳበች፤ ምላጭ ነው። የታችኛውን ሳበች።

ሰማያዊ ክዳን። ተደርድሮ። አንዱን ከፈተች፣ ባዶ። ሁለተኛውን፣ ባዶ። ስድስቱም እስከ ጥጋቸው ተፍቀው የጸዱ ናቸው። ሰባተኛዋ ግማሽ ናት፤ ውስጧ አንዲት ትንሽ ማንኪያ ቆማለች።

ሰባት ተኩል። የራሷን አንድ ስትደምርበት፣ ዕድሜዋን ሙሉ እምቢ ያላት ማካፈል በአንድ ጊዜ ገባት።

ቀና ስትል ፀጉር ቆራጩ ጨርቁን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብልቃጥ ነው።»

«ዓይን አለኝ።»

ጨርቁን አራት ቦታ አጠፈው። ዘረጋውና እንደገና አጠፈው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው» አለ በመጨረሻ፣ «የመጨረሻዋን ሴት ስታጥቢ። ጓዳ ገብቼ እሞላት ነበር።»

«ለምን?»

«በፀጉር ማስያዣ ስትፍቂያት አየሁሽ። ፍቀሽ ፍቀሽ ትንሽ ስትወጣ፣ ሳትቀቢያት ክዳኑን መልሰሽ ገጠምሽ። ለነገ ትሁን አልሽ። ጣትሽ ይደማ ነበር።»

«ብትነግረኝስ?»

«ብነግርሽ ትቀበይ ነበር?»

ከመጋረጃው ማዶ የፀጉር ማድረቂያው ይጮኻል። ዓይኖቿ ከስድስቱ ብልቃጦች አልተነሱም።

«ባዶዎቹን ለምን አልጣልካቸውም?»

«ያለቀ ነገር አይዋሽም ትያለሽ» አለ። «ምናልባት አንድ ቀን ብትጠይቂኝ፣ ምስክር ይሁኑኝ ብዬ።»

ልቧ ድንግጥ አለ። ምላሷ ግን ሌላ ነገር አወጣ። «አንተ ደግ ሆንክ፤ እኔ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ» ብላ መሳቢያውን ዘጋችና መቀሱን ሳትይዝ ተመለሰች።

እስከ እሑድ አላናገረችውም። እሱም መጋረጃውን አልገለጠም። በፊት ዝምታቸው ሁለት ሰው የተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ተነስቶ ሄዶበታል።

ማታ ማታ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

«ተቆጥተሽ ነው ወይስ ደስ ብሎሽ?» አለቻት ታናሿ።

«ደክሞኛል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ዳኛዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አገላበጠቻቸው። «እሺ ብዬ ብቀበለው፣ አንድ ቀን ደግሞ ወረቀት ይዞ ቢመጣስ? የሰጠሁሽን መልሺ ቢለኝስ?»

«ምኑን ነው የምትመልሺው? ቆዳሽ ጠጥቶታል እኮ። እጅሽን ልጠሽ ልትሰጪው ነው?»

ዳኛዋ ጫማዋን አወለቀች።

እሑድ ሳሎኑ ሊዘጋ ሲል መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ፀጉር ቆራጩ ወለሉን እየጠረገ ነበር።

«ባዶዎቹን ልወስዳቸው ነው።»

«ውሰጃቸው።»

«ሰው ፊት ነው የማቀርባቸው። ስምህ ባይጠራም ሰው ያውቅሃል። ታፍራለህ።»

መጥረጊያውን ተደግፎ ቆመ። «አፍሬ የለ? አምስት ወር ሙሉ ተደብቄ በማንኪያ ስቀዳ።»

ፈገግ ማለቷን እንዳያይ ጎንበስ ብላ ብልቃጦቹን በሽርጧ ሰበሰበች።

ሰኞ ስልኩ ጆጉን ተደግፎ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ባዶ ብልቃጥ ተደረደረ፤ ስድስቱ የእሱ፣ አንዷ የእሷ። ዳኛዋ ማስካራም አልተቀባችም።

«ባለፈው አምስት ወር ብያችሁ ነበር» ብላ ጀመረች። «ሐሰት ነው። ይቺ ቅባት የምትቆየው ሃያ ቀን ነው። ማንም አልከፈለኝም፣ እትዬም አላስወሩኝም። አንድ ሰው እጄን አይቶ፣ ሳላውቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞላልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምስጋናውን ለፋብሪካው ሰጠሁት። አምኖኝ የገዛ ሁሉ ይቅር ይበለኝ።»

«ፍርዱስ?» አለች ታናሿ ከስልኩ ጀርባ።

«ቅባቷን አልመለስባትም። ቶሎ ታልቃለች።»

«የሞላትን ሰውዬስ?»

ዳኛዋ አንዷን ብልቃጥ አነሳች። ክዳኗን ከፈተች፣ ዘጋች። ከስልኩ ማዶ ያለውን አንድ ሰው ብቻ የምታይ ይመስል ነበር።

«ያላለቀ ነገር ላይ አልፈርድም» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሳሎኑ ከወትሮው ሞልቶ ጠበቃት። ምላስ ሁሉ ታስሯል፣ ዓይን ሁሉ ተፈቷል። እትዬ ከመቀመጫቸው ሆነው «ግቢ፣ ግቢ፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው» ብቻ አሉ። የሒሳብ አስተማሪዋ ጭንቅላታቸውን ገንዳው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ዳኛዋ ሻምፖውን አፍስሳ ማሸት እንደጀመረች መጋረጃው ተገለጠ። ፀጉር ቆራጩ፣ ያ ቃሉ በወረፋ የሚወጣ ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ክፍሉን አቋርጦ መጣና ሰባተኛዋን ብልቃጥ ዘረጋላት።

«ግማሽ ናት» አለ።

ያቺን ቃል ዳኛዋ ከሁለት ዓመት በፊት ወረቀት ላይ ስትጻፍ አይታለች። አሁን ግን ሰውዬው ሊወስድ አልመጣም። አረፋ ያለበት እጇን በሽርጧ ጠረገችና ከእጁ ተቀበለቻት። ጣቶቻቸው ክዳኑ ላይ ተገናኙ፣ ማንም ለመልቀቅ አልቸኮለም። ድካሟ አልለቀቃትም፤ እግሯም ያው እግሯ ነው። ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ደክሟት መቆም አልከበዳትም።

«ስትጨርሺያት ንገሪኝ» አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ግን በግልጽ ነው የምትሞላው።»

«በግልጽ።»

ከማድረቂያው ሥር አንዷ ሴት አፍንጫዋን ጠረገች። ዳኛዋ ሁሉም እንደሚያያት ስታውቅ አንገቷን ቀና አደረገች፤ የድሮ ድምጿም ተመለሰ።

«ለነገሩ» አለች፣ «ዝም ብዬ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር። ከእኔ ዓይን ምን ያመልጣል?»

አስተማሪዋ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ከገንዳው ውስጥ መለሱላት።

«አምስት ወር ሙሉ ከአንድ ብልቃጥ ስትዝቂ ያልነቃሽ ልጅ፣ ዛሬ ነቃሁ ትያለሽ? ይልቅ አለቅልቂኝ፣ ሳሙናው ዓይኔ ገባ።»