ለዙፋኑ ጀርባ አይሰጥም

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ቆሜ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ለጎብኚ የተከፈተ አሮጌ ቤተ መንግሥት ነው፤ ከኋላው ሰፊ የዕፅዋት ስፍራ አለው።

አብራኝ የነበረችው የባሌ እህት ናት። በሆዴ "እሜቴ" ነው የምላት። እኔና እሷ እሳትና ጭድ ነን። ባሌ በመሃላችን መቆም ሲሰለቸው፣ "አንድ ቀን አብራችሁ ዋሉና ታርቃችሁ ተመለሱ" ብሎ ላከን። በር ላይ ደግሞ ጆሮዬ ስር፣ "እህቴን አደራ" አለኝ።

አደራ ጥብቅ ነው። እሺ አልኩ።

ዙፋኑ ክፍል ስንገባ ኮስታራው አስጎብኚ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስትወጡ የኋሊት ነው። ለዙፋኑ ጀርባ አይሰጥም። የቤቱ ደንብ ነው።"

ጎብኚው እየተሳሳቀ፣ እየተደናቀፈ የኋሊት ወጣ። ጨዋታ መስሎን ነበር።

ግን የጽዳት ሠራተኛዋን አየኋት... መወልወያዋን ይዛ፣ ማንም ልብ ሳይላት፣ እሷም የኋሊት ነው የወጣችው። አልሳቀችም።

"ለባዶ ወንበር?" አለች እሜቴ።

እኔ ፊቴ ወደ ዙፋኑ ስለነበር የጫማዋን ኳኳታ ብቻ ነው የሰማሁት። የኋሊት ሳይሆን፣ ፈጠን ብሎ ቀጥ ብሎ አጠገቤ አልፎ ወደ በሩ ሄደ።

ስወጣ አስጎብኚው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ካንቺ ጋር ናት?"

"አዎ።"

"ጠዋት ፊቷን አይተሻል?"

"እንዴታ!"

"እንግዲያው እንዳትረሺው።"

ከዚያ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። ምን ያለው ባለጌ ነው? ደሜ ፈላ።

ከኋላ ያለው የዕፅዋት ስፍራ ስደርስ እሜቴ ከፊቴ ትሄዳለች። ጠራኋት። አልዞረችም። አኩርፋ ነው አልኩ። በጽጌረዳው መደብ ዞሬ ከፊት ለፊቷ ብቅ አልኩ።

ያየሁት ጀርባዋን ነው።

በሌላው በኩል ዞርኩ... ጀርባዋን። የቀሚሷ ዚፕ፣ የፀጉሯ ማስያዣ።

ግን ወደ እኔ እየመጣች ነበር።

አበባ የሚያጠጣ አትክልተኛ ቀና ብሎ አያት። የውሃው ጎማ ከእጁ ወደቀ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አጎነበሰ፣ የኋሊት መሄድ ጀመረ።

"ምን አየህ?" አልኩት።

"ዝም በይ!" አለኝ ጥርሱን ነክሶ። "ያመጣሻት አንቺ ነሽ። ከዚህ ይዘሻት ውጪ!"

ጥያት ልሮጥ ነበር... ግን ባሌን ምን ልለው ነው?

"ወደ ቤት ውሰጂኝ፣ እህቴ" አለች።

ድምፁ የእሷው ነው። እሜቴ ግን በሕይወቷ እህቴ ብላኝ አታውቅም።

የታክሲው ሹፌር በመስታወቱ አንዴ አያት። ከዚያ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረውና ነዳ።

ባሌ በሩን ከፈተ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። በትከሻዋ በኩል ፊቱን አየሁት... ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ከዙፋን ፊት እንደሚወጣ ሰው የኋሊት መሄድ ጀመረ።

"እህቴስ?" አለኝ በሹክሹክታ። "እህቴን የት ጣልሻት?"

እሷ ተከትላው ገባች።

ኮሪደራችን አጭር ነው። አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ቢተኛበት ይሞላል። ባሌ ግን ግድግዳው ጋ ሲደርስ አልቆመም። እያየሁት ይርቃል... ያንሳል...

"ተው፣ ተመለስ!" ብዬ ጮህኩ።

ጣት አክሎ እስኪታየኝ ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።