«እኔ» የማይባልበት ክፍል

ሬሳው ከመቀላቀያው ማሽን ሆድ ሲወጣ የድምፅ መከላከያው ገና ከጆሮው አልወለቀም ነበር። ሟቹ የጥገና ክፍል ኃላፊ ናቸው። ፋብሪካው ሁሉ «ጋሼ ቁልፌ» ይላቸዋል፤ ማሽን ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው በራሳቸው መቆለፊያ ይቆልፉታል፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ይህን ያላደረገ ቴክኒሻን ካዩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሰድቡት ይውላሉ።

ቁልፉ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። መቆለፊያውን ግን መርማሪዋ ራሷ ያገኘችው ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። ኩባንያው እሷ ሳትደርስ ደምድሟል፦ ሽማግሌው መቆለፍ ረሱ፣ ኃይል ተለቀቀ።

«አባቴ ምሳውን ይረሳል» አለች ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ። «እኔን ከትምህርት ቤት መውሰድ ረስቶ ያውቃል። መቆለፍ ግን አይረሳም። አሮጌው ዝጎ ሲያስቸግረው ዛሬ ጠዋት አዲስ መቆለፊያ ሰጠሁት እኮ!»

«ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?» አለቻት መርማሪዋ።

«አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ ‹እኔ ነኝ› እንዲለኝ። ሌላ ምንም።»

መርማሪዋ መቆለፊያውን አገላብጣ አየችው። ሰማያዊ ነው። የብረት አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም የቀረበት ጭረት አለ። ወደ ማብሪያው ሄደች፤ መቆለፊያው የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ዙሪያው አረንጓዴ ተቀብቷል። መቆለፊያውን ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከትታ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

እዚያ ሦስት የምህንድስና ኃላፊዎች ተቀምጠዋል። ጋሼ ቁልፌ አራተኛቸው ነበሩ። አራቱም የጋራ የአመራር መርህ ሲያረቁ ነው የሰነበቱት። ሰሌዳው ሞልቷል፦ ኃላፊ «እኔ» አይልም፣ «እኛ» ይላል። የአንዳችን ቁልፍ የሁላችን ነው። አንዱ ያረጋገጠውን ሌላው አይጠራጠርም።

መጀመሪያ የጠራችው የምርት ኃላፊውን ነው፤ እረፍት ስለማያውቅ «ሞተር» ይሉታል።

«ማብሪያውን ማን አበራው?»

«አበራን።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ማለቴ… ገዢዎች ማሽኑን ሊያዩ እየመጡ ነበር። ያ የጋሼ ቢጫ መቆለፊያ ማብሪያው ላይ የለም። ስለዚህ አበራን።»

ቀጥላ ሁለተኛዋን ኃላፊ፣ ዲዛይነሯን ጠየቀች።

«ከዚህ ክፍል ማን ወጣ?»

«ወጣ ገባ ብለናል።»

«እቤትሽም እንዲህ ነው የምታወሪው? ባልሽ ‹ብርጭቆውን ማን ሰበረው?› ሲልሽ ‹ሰበርን› ትይዋለሽ?»

ሴትየዋ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ዐይኗ እንባ ሞላ። «ቢጫውን መቆለፊያ ብናይ ኖሮ ማን ይነካው ነበር?»

የጥራት ኃላፊው «አስታራቂው» ይባላል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የመርሁም ሐሳብ የመጣው ከእሱ ነው።

«ጋሼ እንደ ወንድማችን ነበሩ» አለ። «ትርፍ ቁልፍዎን ይስጡን ስንላቸው ‹ነፍሴንስ ልጨምርላችሁ?› ብለው ቀለዱብን። ግን ዛሬ ጠዋት ሰጡን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ኃላፊነትም እንደዚያው ነው። ብቻ እንዲያ የሚጠነቀቁ ሰው ያንን ሰማያዊ መቆለፊያ ቦርሳቸው ውስጥ ረስተው መግባታቸው…»

መርማሪዋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችውም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ከኋላ ተቀመጠች።

«ማብሪያው ተቆልፎ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ጠዋት ከካርቶን የወጣ መቆለፊያ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ በማብሪያው ቀለም አይጫርም። የቆለፉትን ሌላ ሰው ከፈተው። በምን? አንዱ ቁልፍ ከሟቹ አንገት አልወረደም። ሁለተኛውን በመርሃችሁ መሠረት አስረክበዋል።»

«ለእኛ ነው የሰጡት» አለ ሞተር።

«አንድ ቁልፍ ሦስት እጅ አይቀበለውም። አንተ ‹ቢጫ› አልክ፤ እሷም ‹ቢጫ› አለች። ሁለታችሁም የምታውቁት አሮጌውን ብቻ ነው። አንተ ስትደርስ ማብሪያው ባዶ ስለነበር አበራህ። ‹ሰማያዊ› ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ለማንም አላሳየሁም።»

ሁሉም አስታራቂውን አዩት።

«ወጥተዋል ተብሎ ነው የከፈትነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን አለ?»

አስታራቂው ሞተርን አየ። ሞተር ዲዛይነሯን አየ። እሷ ሰሌዳውን አየች። እያንዳንዱ ሌላው አረጋግጧል ብሎ ነበር።

«ወደ ማሽኑ ውስጥ ተጣራህ?»

«ተጣራን። መልስ የለም።»

«ጆሯቸው ተሸፍኖ ነበር። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ የሆነውን ስታይ መቆለፊያውን ወስደህ ቦርሳቸው ውስጥ ከተትክ።»

ሞተር ብድግ አለ። «እሱ ብቻውን አይደለም! ኃላፊነቱን ሁላችንም እንወስዳለን።» ዲዛይነሯም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ሎሚ ይከፋፈላል» አለች መርማሪዋ፤ «ሬሳ አይከፋፈልም። በእጄ ያለው አንድ ጭረትና አንድ ቃል ነው። ሦስታችሁም ‹እኛ› ብላችሁ ከቀረባችሁ ዳኛው ማንን ይይዛል? ታውቁታላችሁ።»

አወቁት። ማንም ቀና አላለም።

ልጅቷ መጥታ አስታራቂው ፊት ቆመች። ከልጅነቷ ጀምሮ «አንቱ» ስትለው የኖረች ናት።

«እስር ቤት ግባ አላልኩህም። ‹ከፈትኩት› በለኝና ልሂድ።»

ዐይኑ ቀላ፤ የምሩን ነበር የሚያለቅሰው። እጁን ወደ ትከሻዋ ዘረጋና መለሰው።

«ከፈት…» አለ።

የቀረችው የቃሉ ጭራ ብቻ ናት። አስታራቂው ዞር ብሎ ሁለቱን ባልደረቦቹን አየ፤ እነሱም አዩት።

«…ነው» አለ።