ወይዘሮ አመለወርቅ ፓሪስ የሰነበቱበት ሳምንት

መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ረቡዕ፣ ፀሐይ ከላስ ቬጋስ ምዕራባዊ ተራሮች ጀርባ ለመግባት ጥቂት ሲቀራት፣ አቶ ኪዳነወልድ በዚያን ዘመን ገና ማካራን ይባል በነበረው አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት በዕድሜ የገፉ መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር ይገፉ ነበር። የአቶ ኪዳነወልድ ዕድሜ ስድሳ ሦስት ነው፤ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ሲቆዩ አንድም ቀን ወንበር አጋጭተው አያውቁም።

በመሳፈሪያው አዳራሽ የነበረው ሰው በድንገት ጸጥ አለ፤ በየጥጉ የተደረደሩት የቁማር ማሽኖች ብቻ ለራሳቸው ያንቃጭሉ ነበር። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ቴሌቪዥን ያያል። ፕሬዚዳንቱ ከጽሕፈት ቤታቸው ሆነው ለሕዝብ ይናገራሉ፤ ወረርሽኙ እንዳይስፋፋ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚደረገው ጉዞ ከዓርብ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ለሠላሳ ቀን ይታገዳል አሉ።

አቶ ኪዳነወልድ ወንበሩን ከመንገዱ መካከል አቆሙ።

«ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?» አሉ አሮጊቷ ዞር ብለው።

«ባለቤቴ ፓሪስ ናት» አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

ወይዘሮ አመለወርቅ በአንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከሚያጸዱት ፎቅ መጋረጃ ሲገልጡ ፊት ለፊታቸው የሚቆመው፣ የፓሪስን የብረት ግንብ ግማሽ ያህል አስመስለው የሠሩት ሐሰተኛው ግንብ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ጓደኛቸው ከሱዓድ ጋር አልጋ ሲያነጥፉ፣ «እውነተኛውን ሳላይ ጡረታ አልወጣም» አሉ፤ ሱዓድም «እኔም አብሬዎት ነኝ» አለቻቸው፤ ሁለቱም ሁለት ዓመት የዕረፍት ቀናቸውን ሲያጠራቅሙ ቆዩ። ልጃቸው አርያም፣ እዚያው ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት፣ የየዕለቱን ጉብኝት በእንግሊዝኛ ጽፋ ሰጠቻቸው፤ እናቲቱም በገዛ እጃቸው በአማርኛ ገለበጡት፤ ማክሰኞ የወንዙ ዳርና ባለፈው ዓመት የተቃጠለችው ቤተ ክርስቲያን፤ ረቡዕ ሙዚየሙ፤ ሐሙስ ግንቡ፤ ዓርብ ጀልባው፤ ቅዳሜ መመለስ። አቶ ኪዳነወልድ በሽታው ጣሊያንን መዝጋቱን እየጠቀሱ ለመከልከል ሞከሩ፤ አልተሰሙም። ወይዘሮዋም ሰኞ የካቲት 30 ቀን፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

አሁን ፓሪስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አቶ ኪዳነወልድ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። የሱዓድም ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ። ፈረቃቸው እንዳበቃ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ወዳለው አፓርታማቸው ሲነዱ ሦስት ጊዜ መንገድ ሳቱ፤ አርያም ቀድማቸው ደርሳ ላፕቶፗን ገበታው ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

«አባዬ፣ ፓኒክ አታድርግ። ገና እያነበብሁ ነው።»

«ምን ይነበባል? ሰውየው በጆሮዬ ተናገሩ እኮ!»

«የተናገሩት እና የተጻፈው ሴም አይደለም።»

አቶ ኪዳነወልድ አልሰሟትም፤ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሱ ነበር። እርሳቸው ዜግነት ከወሰዱ ሃያ አምስት ዓመት አልፏል፤ ባለቤታቸው ግን ፈተናውን እየፈሩ፣ ዛሬ ነገ እያሉ፣ እስከዚያ ቀን በግሪን ካርድ ነበሩ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፓሪስ ሊነጋጋ ሲል፣ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ!» አለች አርያም፤ «ኒውስ ሰምተሻል? ከዩሮፕ ፍላይት ባን አድርገዋል!»

አባቷ ስልኩን ከእጇ ወሰዱ። «አመለወርቅ፤ አሁኑኑ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሂጂ። ሱዓድንም ቀስቅሻት። በየትኛውም በኩል ይሁን፣ በተገኘው ተሳፈሪ።»

«ሱዓድማ ወንድሟ ደውሎላት ሻንጣዋን እየዘጋች ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ጫማዬን እያደረግሁ ነው። ዛሬ ሐሙስ አይደለም? ግንቡ ላይ የምወጣበት ቀን ነው።»

«ትቀልጃለሽ? ሱዓድ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዛ ትሮጣለች፤ አንቺ በካርድ ትዘባነኛለሽ? ስንት ዓመት ለመንሁሽ፤ ዜግነትሽን ውሰጂ ብዬ!»

በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተነሥቶ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ የወይዘሮ አመለወርቅ ድምፅ ተሰማ፤ ከፍም ዝቅም አላለም።

«አርያም፤ አንብቢልኝ። የተናገሩትን ሳይሆን የተጻፈውን።»

አርያም ወደ ላፕቶፗ አጎነበሰች። «አዋጁ... ፐርማነንት ሬዚደንት ላይ አይሠራም ይላል። ግሪን ካርድ ያለው ይገባል። እማዬ፣ ኦኬ ነሽ።»

«እንግዲያው ትኬቴ የቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ነገ ቢለውጡትስ?» አሉ አቶ ኪዳነወልድ ድምፃቸው እየሰለለ። «ሰው ሁሉ እየሮጠ አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ?»

«ገዳሪፍም ሰው ሁሉ ሮጠ ተብሎ ሮጠህ ነበር፤ ኪዳኔ። እኔ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ቀረሁ። አሁን ሳይነበብልኝ አልሮጥም።»

ስልኩ ተዘጋ። አርያም አባቷን አየቻቸው፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። የገዳሪፍ ስም በዚያ ቤት ሲጠራ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ በእግር ድንበር ተሻግረው ሱዳን ገዳሪፍ አጠገብ ከነበረው የስደተኞች ሰፈር ገቡ። ከተጋቡ ስምንት ወር ቢሆናቸው ነው። በዓመቱ አቶ ኪዳነወልድ ወደ አሜሪካ ሲያልፉ ወይዘሮዋ እዚያው ቀሩ፤ የተገናኙት በ1980 ዓ.ም. ነው። ወዳጆች ምክንያቱን ሲጠይቋቸው አቶ ኪዳነወልድ ሁልጊዜ «የጸሐፊ ስሕተት ነው» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በላይ ያናገራቸው ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጧት ሲነሡ ስልካቸው ላይ ፎቶግራፍና የድምፅ መልእክት አገኙ። በፎቶግራፉ ወይዘሮ አመለወርቅ ከግንቡ ሁለተኛ ደርብ ላይ የነጠላቸውን ጫፍ በእጃቸው ጨብጠው ቆመዋል፤ ከበስተኋላቸው ግራጫ ከተማ ተዘርግቷል። ድምፃቸው በነፋስ መካከል እንዲህ ይላል፦ «ከኛው በእጥፍ ይበልጣል፤ ከሥሩ ሲቆሙ ግን ያን ያህል አይመስልም። የተቃጠለችውን ቤተ ክርስቲያንም አየኋት፤ አጥረዋታል፤ ከአጥሩ ውጭ ተሳልሜ ተመለስሁ። የሚሸጠው ሁሉ ቅቤ ነው፤ ዱላ በሚያክለው ዳቦና በብርቱካን ጾሜን ይዣለሁ። ደህና ነኝ።»

አቶ ኪዳነወልድ መልእክቱን አራት ጊዜ ሰሙት፤ መልስ ግን አልላኩም፤ ተቆጥተው ነበርና።

በዚያው ዕለት ማምሻውን ሱዓድ ደረሰች። አቶ ኪዳነወልድ ሻንጣ ከሚረከቡበት አዳራሽ አገኟት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ጋሽ ኪዳነወልድ፤ ለመንኳቸው» አለች። «እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሰዉ እኮ አውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ እየተንከባለለ ያለቅስ ነበር። እሳቸው ግን ‹አንቺ ሂጂ፤ ልጆችሽ ይጠብቁሻል› ብለው ሻንጣዬን እስከ ታክሲ ተሸክመው ሸኙኝ።»

«ፈርታ ነበር?»

ሱዓድ አሰበች። «እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች።

አቶ ኪዳነወልድ ይህን ሲሰሙ ቁጣቸው ለቀቃቸው፤ በምትኩ ከቁጣው የከፋ ነገር ገባባቸው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሚስታቸው ያልፈሩ መስሏቸው ነበር።

ዓርብ ግንቡም ሙዚየሙም ተዘጉ፤ ወይዘሮዋ በጀልባ ይሄዱ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ቅዳሜ በላስ ቬጋስ ጎህ ሲቀድ ስልኩ ጮኸ።

«ሰልፍ ላይ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ በሹክሹክታ። «ከፊቴ የነበረውን ሰውዬ መለሱት። ካርዴን ተቀብለው ለሌላ ሰው ሊያሳዩ ሄዱ።»

«ማን ወሰደው? ስሙን ጠይቂ! ካርዱን ከእጅሽ...»

«ቆይ፤ መጡ፤ መጡ...»

ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር የለም። አቶ ኪዳነወልድ ቢደውሉ፣ አርያም ብትደውል፣ መልስ አልነበረም። ሥራ ገቡ፤ መግባት አልነበረባቸውም፤ ግን ቤት መቀመጥ አልቻሉም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አውሮፕላኑ ቺካጎ ማረፍ በነበረበት ሰዓት፣ አሁንም ድምፅ የለም። ተሳፍረው ይሁን ተመልሰው የሚያውቅ አልተገኘም። በአዳራሹ ቴሌቪዥን የቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ይታያል፤ ከአውሮፓ የገባ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ሻንጣውን በእግሩ መካከል አድርጎ፣ ሙቀቱ እስኪለካ ቆሟል። አቶ ኪዳነወልድ ከቴሌቪዥኑ ሥር ቆመው በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ነጭ ነጠላ ፈለጉ። አንድ ጊዜ ያዩ መሰላቸው፤ ምስሉ ወዲያው ተለወጠ። አለቃቸው መጥታ «ወደ ቤትህ ሂድ» ብትላቸው አልተንቀሳቀሱም።

እሑድ ጧት በማያውቁት ቁጥር ተደወለ።

«ኪዳኔ፤ የሰው ስልክ ነው፤ የኔ ባትሪው አልቋል። ቺካጎ ሰባት ሰዓት ቆምን፤ ቀጣዩም በረራ አመለጠኝ። ስድስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ።»

አቶ ኪዳነወልድ ስልኩን ለአርያም ሰጧት፤ እሷም «እሺ እማዬ» አለችላቸው።

በስድስት ሰዓት ወይዘሮ አመለወርቅ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ብቅ አሉ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመዋል። አቶ ኪዳነወልድ እጃቸውን ዘርግተው ሲጠጉ ወይዘሮዋ መዳፋቸውን አነሡ።

«እዚያው ቁም። ከጎኔ የነበረችው ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስትስል ነበር። አትንካኝ።»

እንዲህ በአሥር እርምጃ ተራርቀው እስከ መኪናው ሄዱ፤ ወይዘሮዋ ከኋላ ተቀምጠው መስኮቱን እንደከፈቱ ቤት ደረሱ። ወይዘሮዋ መኝታ ክፍሉ ገብተው በሩን ዘጉ።

ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን የግዛቱ አገረ ገዢ ካዚኖዎቹ ሁሉ በእኩለ ሌሊት እንዲዘጉ አዘዙ። ቀንም ሌትም ክፍት ስለነበሩ ቁልፍ ያልነበራቸው በሮች ተዘጉ፤ መብራቱ የሚያየው ሰው ሳይኖር በራ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም፣ ሱዓድም፣ ከሳምንት በኋላ አቶ ኪዳነወልድም ከሥራ ተሰናበቱ። በዚያው ማክሰኞ ወይዘሮዋን አተኮሳቸው። ሐኪም በስልክ «ትንፋሽ ካጠራቸው አምጧቸው፤ አለዚያ ቤት ይቆዩ» አለ። አቶ ኪዳነወልድ ምግቡን ከደጃፉ አስቀምጠው ወደ ኋላ ይርቃሉ፤ በሩ ይከፈታል፤ እጅ ይወጣል፤ ይዘጋል። ከዚያ ወንበራቸውን ከበሩ ጎን አስጠግተው ሳሉን ይቆጥራሉ።

በስምንተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሳሉ በረታ፤ ከዚያም ጨርሶ ጸጥ አለ። አቶ ኪዳነወልድ ግንባራቸውን በበሩ ላይ አስደገፉ።

«አመልዬ፤ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ» አለ የደከመ ድምፅ።

«ገዳሪፍ የጸሐፊ ስሕተት አልነበረም። ወደ አሜሪካ የሚወስዱት ያላገቡትን ብቻ ነው፤ መዝገቡም ነገ ይዘጋል ብሎ ሰው አወራ። አንቺ በወባ ተኝተሽ ነበር። ሄጄ ያላገባሁ ነኝ ብዬ ፈረምሁ። በወር ውስጥ አስመጣታለሁ ብዬ ነበር። ወሬው ውሸት ነበር፤ ባልና ሚስትም ይወስዱ ነበር። ፈራሁ፤ በቃ ፈራሁ።»

ከበሩ ወዲያ እግር እየተጎተተ ሲቀርብ ተሰማ።

«ወደ አንተ ልመጣ ስል ኢንተርቪው ያደረገኝ ሰው ፋይልህን አንብቦልኛል» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። መጠበቅ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ።» ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆም አሉ። «በስልክ ስትጮህብኝ ልታዘዝህ ነበር። ሻንጣዬንም አንሥቼ ነበር። ከዚያ የፈራኸው ለኔ ይሁን ለራስህ አላወቅሁም፤ አስቀመጥሁት።»

አቶ ኪዳነወልድ አለቀሱ፤ አልደበቁትምም። ማምሻውን ወይዘሮዋ ሾርባ ጠየቁ፤ ከስድስት ቀን በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። መጋቢት መጨረሻ ላይ በሩ ሲከፈት፣ ሰውነታቸው ግማሽ ሆኖ፣ ግድግዳ ይዘው ወጡ። ይቅርታ የሚል ቃል በመካከላቸው አልተነገረም፤ ወይዘሮዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ በጀልባው ላይ ብቻቸውን ሆነው ያዩትን ድልድይ ሁሉ እስኪመሽ ነገሯቸው።

የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ለሰባ ስምንት ቀን ተዘግተው መቆየታቸው በመዝገብ ሰፍሯል፤ የአዋጁ ቀንና ሰዓት፣ የቺካጎው ሰልፍ፣ ሥራ ያጣው ሰው ብዛት፣ የሞተውም ቁጥር ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጠቀሳል። በፓራዳይዝ አንድ አፓርታማ ውስጥ በዚያው ሰሞን የተነገረውን ግን የጻፈ የለም፤ ሊጽፈውም የሚጠበቅ የለም። ብቻ ዛሬ ሰዎች ያንን ጊዜ ሲያነሡ፣ ሌላው «ከተማው የተዘጋበት ሳምንት» ሲል አቶ ኪዳነወልድ «አመለወርቅ እምቢ ያለችኝ ሳምንት» ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት በቅሬታ አይደለም።